ስማቸው በውሃ፣ ቤታቸው በእበት

ስዊድናዊው የተፈጥሮ ሊቅ ካርል ሊኒየስ እ.ኤ.አ. በ1758 ባሳተመው መጽሐፍ ለሁለት ጢንዚዛዎች ስም አወጣ። አንደኛው በአውሮፓ ኩሬዎች የሚኖር፣ ርዝመቱ እስከ 5 ሴንቲ ሜትር የሚደርስ ጥቁር ጢንዚዛ ሲሆን ከጠላቂ ጢንዚዛዎች ጋር ተመደበ። ሁለተኛው በከብት እበት ውስጥ የሚገኝ ትንሽ ጢንዚዛ ነው፤ እርሱም ቆዳና ደረቅ ሥጋ ከሚበሉት ጋር ተቈጠረ። ዛሬ ሁለቱም ሃይድሮፊሊዴ በተባለ አንድ ቤተሰብ ሥር ይገኛሉ።

የኩሬውን ጢንዚዛ ከጠላቂዎች ጋር ያቀላቀለው የአኗኗር መመሳሰል ነው። ሆኖም ጠላቂው አየር የሚስበው በጅራቱ በኩል ነው። ሃይድሮፊለስ ግን ራሱን ወደ ውሃው ገጽ አቅንቶ፣ ጫፉ በወፈረ አጭር አንቴናው የውሃውን ገጽ ከፍቶ አየር ያስገባል። አንቴናው ለዚህ ሥራ ስለዋለ፣ መዳሰሱን ከአፉ ግራና ቀኝ የሚወጡት ረጃጅም ዳሰሻዎች ተረክበውታል። ሲዋኝም ጠላቂው የኋላ እግሮቹን በአንድነት፣ ሃይድሮፊለስ ግን በማፈራረቅ ይቀዝፋል።

ፈረንሳዊው ዦፍሯ በ1762 ሃይድሮፊለስን ራሱን የቻለ ወገን አደረገው፤ ላትሬይ ደግሞ በ1802 ቤተሰቡን ሰየመ። ዴንማርካዊው ሚካኤል ሃንሰን በ1991 የአካል ቅርጽን መሠረት አድርጎ ምደባውን እንደገና አደራጀ። በ2013 ሾርት እና ፊካቼክ የዘረመል መረጃን ተጠቅመው ቤተሰቡን በስድስት ንዑስ ቤተሰቦች ከፈሉት። የእበቱ ጢንዚዛ ቅድመ አያቶች በውሃ ይኖሩ እንደነበር የሚያሳየውም ይኸው የዘር ሐረግ ነው።

የምደባው ጉዳይ ከስም ያለፈ ትርጉም አለው። ጠላቂ ጢንዚዛ እጭም ሆነ ጐልማሳ ሳለ አዳኝ ነው። የሃይድሮፊለስ እጭ እንዲሁ ያድናል፤ ጐልማሳው ግን በአብዛኛው ዕፀዋትንና የበሰበሰ ነገርን ይመገባል። ከኩሬ የተሰበሰበውን ናሙና ሁሉ «የውሃ ጢንዚዛ» ብሎ በአንድ ዓምድ የሚመዘግብ ተመራማሪ፣ በዚያ ኩሬ ማን ማንን እንደሚበላ ሊናገር አይችልም። በእበት ውስጥ ያለውንም «የውሃ አይደለም» ብሎ የሚተው፣ የቤተሰቡን ታሪክ ግማሽ ይተዋል። ስለዚህ ናሙናው በተገኘበት ስፍራ ከመፈረጁ በፊት አንቴናውና የአፍ ዳሰሻው በማጉያ መነጽር ሊታዩ ይገባል።