ከሰሜን ተራሮች ግርጌ፦ ጦርነት ባለፈበት ጎዳና



ከእርስ በርስ ጦርነት በማገገም ላይ ስላለ አገር ሲነሳ የብዙዎቻችን ሐሳብ ወደ ምዕራብ አፍሪካ ይሄዳል። ሴራሊዮንና ላይቤሪያ ትዝ ይሉናል። ራድዮው ስለ እነርሱ ሲያወራ «አይ የሰው አገር መከራ!» ብለን ከንፈራችንን መጥጠን አልፈናል። ዛሬ የምናስጎበኛችሁ ግን ሩቅ አገር አይደለም። ከጎንደር ተነስቶ በዳባትና በደባርቅ አድርጎ እስከ መካነ ብርሃን የሚዘልቀውን የራሳችንን መንገድ ነው። ሴራሊዮንንም ወደ መጨረሻው እናነሳታለን፤ ከእርሷ የምንማረው አለና።

በዚህ መንገድ የተጓዝነው በመጋቢት ወር 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ ነበር። ጥቅምት 24 ቀን 2013 የተጀመረው ጦርነት በፕሪቶሪያው ስምምነት የቆመው ጥቅምት 23 ቀን 2015 ነውና፣ ጠመንጃው ዝም ካለ አምስት ወር ያህል ሆኖታል። ወሩ ረመዳን ነበር። በዚያ ዓመት የእኛ ጾምና የክርስቲያን ወገኖቻችን ዐቢይ ጾም ስለገጠሙ፣ ሚኒባሱ ውስጥ ያለው ሰው አብዛኛው ጾመኛ ነበር። አንዱ የሚያፈጥርበትን ሰዓት ሌላው ይጠይቀዋል፤ መንገዱም በዚህ ጨዋታ አጠረ።

ዳባትና አለምዋጭ

ጎንደርን ለቅቀን ሽቅብ ስንወጣ አየሩ እየቀዘቀዘ ይሄዳል። አምባ ጊዮርጊስን አልፈን በወገራ ሜዳ ላይ ስንጓዝ በግራና በቀኝ የሚታየው የገብስና የስንዴ ማሳ ነው። አዝመራው ከተሰበሰበ ቆይቷል። ከብቱ ቃርሚያውን ይለቅማል፤ እረኞቹ ጋቢያቸውን ተከናንበው ቆመዋል። በመስኮት ለሚያይ መንገደኛ በዚህ አገር ጦርነት የደረሰ አይመስለውም። ወርዶ ሰላምታ የተለዋወጠ ሰው ግን ወዲያው ይረዳዋል። ዳባት ገበያ ላይ ሁለት ገበሬዎች ሲገናኙ፣ ስለ ቤተሰብ ጤንነት ከተጠያየቁ በኋላ የሚከተለው ጥያቄ «በሬው አለ?» የሚል ነበር። ጥማድ በሬውን ያጣ ገበሬ መሬት እያለው መሬት እንደሌለው ነው። የዘር እህሉም ከተበላ የሚቀጥለው ክረምት ለእርሱ ክረምት አይደለም።

ከዳባት ከተማ አጠገብ አለምዋጭ የተባለ የስደተኞች መጠለያ አለ። በማይ ጸብሪ አካባቢ በነበሩት በማይ ዓይኒና በአዲ ሐሩሽ ካምፖች ይኖሩ የነበሩ ኤርትራውያን ስደተኞች ጦርነቱ መካከል ላይ ሲጥላቸው ወደዚህ እንዲዛወሩ ተደረገ። የመጀመሪያዎቹ በ2013 ክረምት ደረሱ፤ ብዙዎቹ ግን የመጡት በ2014 ነው። እስቲ አስቡት! አንድ ጊዜ አገራቸውን ጥለው የተሰደዱ ሰዎች በተሰደዱበት አገር ደግመው ተሰደዱ። የተቀበላቸውም ሕዝብ ራሱ ከጦርነት ያልወጣ ሕዝብ ነበር። ውኃውና ማገዶው ለነዋሪውም አይበቃም። ይህን ስናይ እንግዳ መቀበል የሞላለት ሰው ሥራ ብቻ አለመሆኑን ተገነዘብን።

ጭና

ከዳባት አሥር ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ጭና የሚባል የገጠር ቀበሌ ይገኛል። በ2013 ክረምት የትግራይ ኃይሎች አዲአርቃይንና ዛሪማን ይዘው ወደ ደባርቅ ለመዝለቅ ሲሞክሩ፣ ውጊያው ከደረሰባቸው መንደሮች አንዱ ይህ ነው። ከነሐሴ 25 እስከ 29 ቀን 2013 በነበሩት ቀናት በጭና ብዙ ሰላማዊ ሰዎች ተገደሉ። የአካባቢው ባለሥልጣናት በወቅቱ የሟቾቹን ቁጥር ከ100 በላይ አድርሰውታል። ሂውማን ራይትስ ዎች በ2014 ባወጣው ዘገባ 26 ሲቪሎች በ15 የተለያዩ አጋጣሚዎች መረሸናቸውን ከነዋሪዎች አረጋግጫለሁ ብሏል። የትግራይ ኃይሎች በበኩላቸው ሰላማዊ ሰዎችን ገድለዋል የሚለውን ክስ አስተባብለዋል።

ወደ ጭና ራሷ አልዘለቅንም። የጭናን ሰው ግን ዳባት ገበያ ላይ አገኘን። የዘር ድንች ሊገዛ የመጣ ጎልማሳ ነበር። እህል ወይም ልብስ ይጠይቀናል ብለን ስንጠብቅ፣ እርሱ የጠየቀን የሟቾቹ ስም አንድ ቦታ ላይ ተጽፎ እንዲቀመጥ ነው። ሰው ሞቶ ቁጥር ብቻ ሆኖ መቅረቱ ከሐዘኑ በላይ እንደሚያቃጥለው ነገረን። ይህ ንግግር እስከ መካነ ብርሃን ድረስ አብሮን ተጓዘ። ያንኑ ጥያቄ በትግራይ መንደሮች፣ በአፋርና በወሎ የሚጠይቁ እናቶችና አባቶች እንዳሉ እናውቃለንና።

የሰባት ቤት ቁልፍ

ደባርቅ ከጎንደር 100 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። ከከተማዋ በስተሰሜን ሊማሊሞ ይጀምራል፤ ጣሊያን የሠራው ጠመዝማዛ መንገድ ገደሉን እየታከከ ወደ ቆላው ይወርዳል። በስተምሥራቅ ደግሞ የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ አለ። ዋሊያ፣ ጭላዳና ቀይ ቀበሮ መኖሪያቸው እዚህ ነው። ዩኔስኮ ፓርኩን እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል። በደርግ ዘመን በነበረው ጦርነት ግን ጠባቂ አጥቶ ስለተጎዳ፣ እ.ኤ.አ. በ1996 በአደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች ዝርዝር ገባ። ከዚያ ለመውጣት እስከ 2017 ድረስ 21 ዓመት ፈጅቶበታል። ጦርነት በጥቂት ዓመታት ያፈረሰውን ለመጠገን አንድ ሙሉ ትውልድ እንደሚያስፈልግ ከዚህ የበለጠ ምስክር አይገኝም።

ፓርኩ ለመዳኑ ዋጋ ከከፈሉት ሰዎች መካከል የግጭ መንደር ነዋሪዎች ይገኛሉ። ግጭ ከ3,500 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ በተራራው ሆድ ውስጥ የነበረች መንደር ናት። ነዋሪዎቿ አብዛኞቹ ሙስሊሞች ነበሩ፤ ገብስ ያርሳሉ፣ በግ ያረባሉ። በ2008 ዓ.ም. ከ400 በላይ አባወራዎች ካሳ ተሰጥቷቸው ወደ ደባርቅ ከተማ ተዛወሩ። ገበሬ በአንድ ጊዜ ከተሜ መሆን አይሆንለትምና ብዙዎቹ ተቸገሩ። ጥቂቶች ከቱሪስት ጋር በተያያዘ ሥራ፣ በመንገድ መሪነትና በበቅሎ ኪራይ፣ መኖር ሲጀምሩ በ2012 ኮሮና መጣ። ወዲያው ጦርነቱ ተከተለ። ፈረንጁም ቀረ።

የዚያን ዕለት ያፈጠርነው ከግጭ በመጡ አንድ አዛውንት ቤት ነው። ቴምር፣ ውኃና በሶ ቀረበ። መግሪብ ሰግደን እንደተመለስን ጎረቤት የሆኑ ክርስቲያን እናት በድስት ሽሮ ይዘው ገቡ። የሥጋው ነገር ሁላችንም እንደምናውቀው ለየብቻ ነው። ሁለቱ ጾሞች በገጠሙበት በዚያ ወር ግን ሽሮው ለሁሉም ሆነ። ሴትየዋ «አባባ፣ ያንን ቁልፍ ለእንግዶቹ አሳዩዋቸው እንጂ!» አሉ። አዛውንቱ ሊያሳዩን አልፈለጉም፤ ምን የሚወራ ነገር አለው ብለው ሳቁ። ታሪኩን የነገሩን እናትየዋ ናቸው።

ነሐሴ 2013 ላይ የከባድ መሣሪያ ድምፅ ወደ ደባርቅ ሲቀርብ ብዙ ሰው ልጆቹን ይዞ ወደ ጎንደር ወረደ። አዛውንቱ እግሬ አይችልም ብለው ቀሩ። የሚሄደው ጎረቤት ሁሉ፣ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም፣ የቤቱን ቁልፍ እያመጣ ሰጣቸው። የሰባት ቤት ቁልፍ በአንድ ገመድ አስረው፣ በየጧቱ ሰባቱንም በር እየዞሩ ሲፈትሹ ሰነበቱ። የሴትየዋን ሁለት ዶሮዎች እንኳ ጥሬ እየበተኑ ጠበቁላቸው። ሰዎቹ ሲመለሱ ቁልፉ ተመለሰ፤ ከየቤቱም አንድ ነገር አልጎደለም።

ውድ አንባቢያን፣ ይህ በሃይማኖታችን ስም ያለው ነገር ነው፤ አማና ይባላል። አማና የሚጠበቀው ለሙስሊም ብቻ አይደለም፤ ላስቀመጠው ሰው ሁሉ ነው። ይህንንም የምንጽፈው ያለፈውን በደል ረስተን አይደለም። ሚያዝያ 18 ቀን 2014፣ በረመዳን ወር፣ በጎንደር ከተማ በቀብር ላይ በነበሩ ሙስሊሞች ላይ በደረሰው ጥቃት ከ20 በላይ ሰዎች መገደላቸውን የክልሉ የእስልምና ጉዳዮች ምክር ቤት ገልጿል። የዚያን ምሽት በማዕዱ ዙሪያም ይኸው ተነሳ። ሴትየዋ አንገታቸውን ደፉ። አዛውንቱ ግን እርሳቸውን እንዳይሰማቸው ብለው ወሬውን አላዳፈኑትም። ጥፋቱ በስሙ ይጠራ፣ ያጠፋም በሕግ ይጠየቅ፣ እኔና እርሷ ግን ጎረቤት ነን አሉ። እውነትም ፍትሕም ጉርብትናም በአንድ አፍ ሲነገሩ ሰማን።

መካነ ብርሃን

በማግስቱ በሳንቃበርና በጨነቅ በኩል ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍ ያለውን የቧሂትን በር ተሻግረን ወደ ጃናሞራ ወረድን። የወረዳው ዋና ከተማ መካነ ብርሃን ናት። ብርዱ አጥንት ይሰብራል፤ ሕዝቡ ግን ሞቅ አድርጎ ይቀበላል። በዚሁ ወረዳ ደረስጌ ማርያም ይገኛል። ደጃዝማች ካሳ ኃይሉ በ1847 ዓ.ም. ደጃዝማች ውቤን ድል አድርገው ዐፄ ቴዎድሮስ ተብለው የነገሡት እዚያ ነው። የዘመነ መሳፍንት የእርስ በርስ ጦርነት ማብቂያ ተብሎ በታሪክ የሚጠቀሰው ይህ ቀን ነው። ይሁንና ከዚያ በኋላም አገሪቱ ከጦርነት አላረፈችም። አንዱ አሸንፎ ስለነገሠ ብቻ ሰላም እንደማይጸና ደረስጌ ራሷ ትመሰክራለች።

ከሴራሊዮን የምንማረው

አሁን ወደ ምዕራብ አፍሪካ እንሻገር። ሴራሊዮን አብዛኛው ሕዝቧ ሙስሊም የሆነ ትንሽ አገር ናት። እ.ኤ.አ. ከመጋቢት 1991 እስከ ጥር 2002 በቆየው ጦርነት ወደ 50,000 ሰው እንደሞተ ይገመታል፤ እጃቸው የተቆረጠ፣ በልጅነታቸው ጠመንጃ የተሸከሙ ብዙ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1997 የሙስሊምና የክርስቲያን መሪዎች አንድ የጋራ ምክር ቤት አቋቁመው ተፋላሚዎቹን ለማቀራረብ ደከሙ። በ1999 በሎሜ ስምምነት ተፈረመ፤ ግን በአንድ ቀን ፊርማ አልጸናም። ጦርነቱ ፈጽሞ ያበቃው ከ70,000 በላይ ተዋጊዎች ትጥቅ ከፈቱ በኋላ ነው። በጥር 2002 ፕሬዚዳንት አሕመድ ቴጃን ካባህ ባሉበት የጦር መሣሪያ ተከምሮ ተቃጠለ።

ይህም አልበቃቸውም። የእውነትና የእርቅ ኮሚሽን አቋቋሙ፤ ዋና ተጠያቂዎች በልዩ ፍርድ ቤት ቀረቡ። እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ ደግሞ «ፋምቡል ቶክ» የተባለ ሥራ ወደየመንደሩ ወረደ። በአገሬው ክሪዮ ቋንቋ «የቤተሰብ ጨዋታ» ማለት ነው። ማታ እሳት ይነዳል፤ የመንደሩ ሰው ይሰበሰባል። የተበደለው የደረሰበትን ይናገራል፤ የበደለውም ተነስቶ ያደረገውን አምኖ ይቅርታ ይጠይቃል። ይህ ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም። የእኛ ሽምግልና ከዚህ ምን ያንሳል? የጭናው ጎልማሳ የፈለገውም ይህንኑ ነው፤ የሟቹ ስም በሰው ፊት እንዲጠራ።

ዛሬስ?

ከመካነ ብርሃን ስንመለስ በልባችን ተስፋ ነበር። ያ ተስፋ ብዙ አልቆየም። የ2015 ክረምት ዝናብ አጥሮ ጃናሞራን ድርቅ መታው፤ ከብት አለቀ፣ ሰውም ተራበ። በዚያው ክረምት፣ በሐምሌ መጨረሻ፣ በአማራ ክልል በመንግሥት ኃይሎችና በፋኖ ታጣቂዎች መካከል ግጭት ተቀስቅሶ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። ቁስሉ ሳይሽር ሌላ ቁስል ተጨመረ። በሚያዝያ 2016 የሚኒስትሮች ምክር ቤት የሽግግር ፍትሕ ፖሊሲ አጽድቋል። በወረቀት ላይ ያለው ከመንደሩ ካልደረሰ ግን ለጭናው ሰው ምኑም አይደለም።

ቁርኣን በሱረቱል ሑጁራት ሁለት ወገኖች ሲጋደሉ በመካከላቸው በፍትሕ እንድናስታርቅ ያዘናል። እርቅ ብቻ አላለም፤ ፍትሕንም ጨመረበት። ታዲያ ከቤታችን ምን እንጀምር? ወላጆች ሆይ፣ በልጆቻችሁ ፊት የሌላውን ወገን ሕዝብ በጅምላ አትስደቡ። ወጣቶች ሆይ፣ የሰውን ሬሳ መቀለጃ የሚያደርግን ወሬ ከእጅ ወደ እጅ አታስተላልፉ። የተፈናቀለ ጎረቤት ካላችሁ በሩን አንኳኩ። ዘካችሁንና ሰደቃችሁን ስታወጡ፣ በሬ ያጣ ገበሬና አባት ያጣ ልጅ በሰሜን ተራሮች ግርጌም እንዳሉ አስታውሱ።

መሪዎች ሰላምን ይፈርማሉ። የሚጠብቃት ግን የሰባት ቤት ቁልፍ በአንድ ገመድ አስሮ በየጧቱ የሚዞር ሰው ነው። አላህ ያንን አማና ለመሸከም ያብቃን፤ ለአገራችንም ሰላሟን ይመልስላት። አሚን።