መጀመሪያ ስሙን ጻፉ

ሶዶ ከተማ ውስጥ በአንድ ቤት ቁም ሳጥን ላይ ሃምሳ ዓመት ያህል የተቀመጠ የብስኩት ቆርቆሮ ነበር። ውስጡ 63 ስላይዶች አሉ። የዛሬ ልጅ ስላይድ ሲባል ትዝ የሚለው ፓወር ፖይንት ነው። እነዚህ ግን ሌላ ናቸው። አምስት በአምስት ሴንቲሜትር በሆነ የካርቶን ፍሬም ውስጥ የታሸጉ፣ ከቴምብር ብዙም የማይበልጡ ባለቀለም ፊልሞች ናቸው። በፕሮጀክተር ግድግዳ ላይ ካልታዩ በቀር በቅጡ አይለዩም። ያ ቤት ደግሞ ፕሮጀክተር ኖሮት አያውቅም። ስለዚህ ቤተሰቡ የራሱን ፎቶ ሲያይ የኖረው አንድ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ስላይዱን ወደ መስኮት አንስቶ ነው።

የቤቱ አባት የወላይታ እርሻ ልማት ድርጅት ሾፌር ነበሩ። የአገሬው ሰው እስከ ዛሬ «ዋዱ» እያለ የሚጠራው ይህ ድርጅት በ1960ዎቹ መጀመሪያ በዓለም ባንክ ብድር የተቋቋመ ነው። ለገበሬው ማዳበሪያና ምርጥ ዘር በብድር ያከፋፍል፣ መሬት የጠበበበትን የደጋ ሰው ደግሞ ወደ አበላና ወደ በሌ ቆላ ወስዶ ያሰፍር ነበር። አባትየው ሲያመላልሱት የነበረው የውጭ አገር ባለሙያ ካሜራ ከአንገቱ አይለይም ነበር። ወደ አገሩ ሲመለስ ቤተሰቡና ጎረቤቱ ያሉባቸውን ስላይዶች መርጦ ለሾፌሩ ሰጠ። ከካርቶኖቹ በአንዱ ላይ «ማርች 1974» የሚል ማህተም አለ። መጋቢት 1966 ዓ.ም. መሆኑ ነው። ማህተሙ ፊልሙ የታጠበበትን ወር እንጂ ፎቶው የተነሳበትን ቀን አይናገርም፤ የዚያ ዘመን ፊልም ለመታጠብ ባህር ተሻግሮ መሄድ ነበረበት።

አባት ካረፉ በኋላ ቆርቆሮው በመምህርነት ለምትተዳደረው ሴት ልጃቸው ደረሰ። አሜሪካ የሚኖረው ታላቅ ወንድሟ ወዲያው ደወለ። «ላኪልኝ፤ እዚህ በጥሩ ማሽን ስካን ያደርጉታል» አላት። እሷ እምቢ አለች። ስስት ግን አልነበረም። ስላይድ ኔጋቲቭ የለውም። በእጅ የሚያዘው ፊልም ያን ዕለት ካሜራው ውስጥ የነበረው ራሱ ነው። መንገድ ላይ ከጠፋ እንደገና የሚታተምበት ሌላ ቅጂ የለም።

ሁለተኛው ምክንያቷ ከዚህ ይከብድ ነበር። በፎቶዎቹ ውስጥ ያሉትን ሰዎች ለይተው የሚያውቁት እናትየው ብቻ ናቸው። ዕድሜያቸው ሰማንያ እየተጠጋ ነው፤ ዓይናቸውን ሞራ ሸፍኖታል። ስላይዱን ወደ መስኮት አንስተው ማየት ካቆሙ ቆይተዋል።

ልጅቱ መጀመሪያ የሄደችው በአቅራቢያዋ ወዳለ ፎቶ ቤት ነበር። ልጁ ስላይዱን በሰነድ መቅጃው ስካነር ላይ ደፍቶ ክዳኑን ዘጋ። የወጣው ምስል ጥቁር ነው። ጥፋቱ የማሽኑ ብልሽት አልነበረም። የቢሮ ስካነር ወረቀት ላይ አርፎ የሚመለሰውን ብርሃን ነው የሚያነበው፤ ስላይድ ግን ብርሃን ከኋላው አልፎት መምጣት አለበት። ለፊልም የተሠራ ስካነር በከተማው አላገኘችም።

መፍትሔው የመጣው ሠርግ ከሚቀርፅ አንድ ወጣት ነው። ታብሌቱን ነጭ አድርጎ አበራና በላዩ ወተት የመሰለ ፕላስቲክ ዘረጋ። ስላይዱን ከፕላስቲኩ ጥቂት ከፍ አድርጎ ከላይ በካሜራ አነሳው። ፕላስቲኩና ክፍተቱ የሚያስፈልጉት የታብሌቱ ጥቃቅን ነጠብጣቦች ፎቶው ላይ እንዳይወጡ ነው። ወንድምየው የተመኘው ማሽን ስላይድን በ4000 ዲፒአይ ሲያነብ ከ20 ሜጋፒክስል የሚበልጥ ምስል ያወጣል። የወጣቱ ካሜራ ያን ያህል አልሰጠም። ፊት ለመለየት ግን ከበቂ በላይ ነበር።

ሁሉም ስላይድ እኩል አልቆየም። ኮዳክሮም የሚባለው ፊልም ጨለማ ውስጥ ከተቀመጠ ለአሥርተ ዓመታት ቀለሙን ይይዛል፤ ከቆርቆሮው የወጡት ኮዳክሮሞች ሰማያቸው እስከ ዛሬ ሰማያዊ ነው። ሌሎቹ ግን ቀልተዋል፤ እንሰቱም ሳሩም የሸክላ መልክ ይዟል። በጥቂቶቹ ላይ ደግሞ የሶዶ ክረምት ያመጣው ሻጋታ እንደ ሸረሪት ድር ተሰርቷል። ወጣቱ እዚህ ላይ አንድ ነገር በጥብቅ ከለከለ፤ ሻጋታ የያዘውን ስላይድ በውሃ መጥረግ። ሻጋታ የበላው ጄላቲን ውሃ ሲነካው ይሟሟል፤ ምስሉም አብሮ ይሄዳል። አቧራውን በአየር መንፊያ ብቻ አራገፉት። ኮዳክሮም ማምረት በ2009 እ.ኤ.አ. ቆሟል፤ በዓለም የመጨረሻ የነበረው የካንሳስ ማጠቢያም በ2010 መጨረሻ ፊልሙን መቀበል አቁሟል። የዚያ ዘመን ቀለም የቀረው ባለበት ቆርቆሮ ውስጥ ብቻ ነው።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ምስሎቹ በፍላሽ ተገልብጠው በሳሎኑ ቴሌቪዥን ተከፈቱ። እናትየው ወንበራቸውን እስከ ስክሪኑ ድረስ አስጠጉ። ከቴምብር ያልበለጠው ፎቶ የክንድ ስፋት ሲያክል የተሸፈነው ዓይናቸው እንኳ ለየው። ልጅቱ ስልኳን ድምፅ መቅጃ ላይ አድርጋ አጠገባቸው ተቀመጠች።

ሦስተኛው ፎቶ ላይ እናት ጭንቅላታቸውን ነቀነቁ። «ይሄ የኛ ደጅ አይደለም።»

«ነው እንጂ እማዬ፣ አባባ ቆመዋል እኮ።»

«አባትሽስ እሱ ነው። ዳሞታ ግን በዚህ በኩል አይደለም።»

ሲጣራ እውነታቸው ነው። ስላይዱ ተገልብጦ ተነስቶ ስለነበር ግራው ቀኝ ሆኗል። ካሜራውም፣ ወጣቱም፣ መምህሯም አላወቁም። ያወቁት ዳሞታን በየማለዳው ከደጃቸው ሲያዩ የኖሩት ሴት ናቸው።

ከዚያ በኋላ ስሞቹ መምጣት ጀመሩ። ነጭ ጋቢ የለበሰው ሽማግሌ የአባትየው አባት ናቸው፤ ሌላ ፎቶ የላቸውም፤ የልጅ ልጆቻቸው ፊታቸውን ያዩት ያን ቅዳሜ ነው። ላንድሮቨሩ ላይ የተቀመጠው ሕፃን ወንድምየው ነው። ጀሪካን የያዘችው ልጃገረድ በኋላ ወደ አበላ ከሰፈረ ቤተሰብ ጋር የሄደች ጎረቤት ናት። ከ63ቱ የ51ዱ ሰዎች ስም ተገኘ። የቀሩትን እናትየው አላስታወሱም። «እሱን የሚያውቁት እንትና ነበሩ» አሉ፤ እንትና የተባሉት አዛውንት ግን ባለፈው ጥር ተቀብረዋል። ቆርቆሮው ከአንድ ዓመት በፊት ተከፍቶ ቢሆን እነዚያ ሰዎች ዛሬ ስም ይኖራቸው ነበር። ፊልሙ ሃምሳ ዓመት ጠብቋል፤ የሚያውቀው ሰው ግን አንድ ጥር እንኳ መሻገር አልቻለም።

ይህ የአንድ ቤት ጣጣ ብቻ አይደለም። የሱዳን ኢንቴሪየር ሚሽን ሚሲዮናውያን ወደ ወላይታ የገቡት በ1920 ዓ.ም. ነው። ፍራንክፈርት ያለው የፍሮቤኒየስ ተቋም ተመራማሪዎችም ከ1934 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ደቡብ ኢትዮጵያን በተደጋጋሚ ጎብኝተዋል፤ የተቋሙ የፎቶ ክምችት ዛሬ በኢንተርኔት ይታያል። ምስሉን ውጭ ያለ ተቋም በደንብ ሊጠብቀው ይችላል። ጥምጣም ያሰረው ሰውዬ የማን አያት እንደሆነ ግን ፍራንክፈርት ሊያውቅ አይችልም። ያ መልስ ያለው ቦዲቲ፣ አረካ ወይም ሁምቦ፣ ከአንድ አዛውንት ዘንድ ነው።

አገራችን እንዲህ ያለውን ሥራ ጨርሶ አታውቀውም ማለትም አይቻልም። በ1973 እ.ኤ.አ. የተጀመረው የብራና ማይክሮፊልም ፕሮጀክት በሺዎች የሚቆጠሩ የግዕዝ መጻሕፍትን በፊልም ቀርፆ አንዱን ቅጂ አዲስ አበባ፣ ሌላውን ሚኒሶታ አስቀምጧል። ብራና ግን ከፎቶ የሚለይበት ነገር አለ። ከመቶ ዓመት በኋላ ቢከፈትም ማንነቱን ራሱ ይናገራል። ፎቶ አይናገርም። አጠገቡ ቆሞ «ይሄ እገሌ ነው» የሚልለት ሰው ያስፈልገዋል።

ስለዚህ ቅደም ተከተሉ መገልበጥ አለበት። አብዛኛው ሰው መጀመሪያ ጥሩ ማሽን ይፈልጋል፣ ከዚያ ገንዘብ፣ ከዚያ ጊዜ፤ ስሙን መጨረሻ ላይ ያደርገዋል። ማሽኑ ግን ከዓመት ዓመት እየተሻሻለ ይመጣል። አዛውንቱ ከዓመት ዓመት ይደክማሉ። ደብዛዛ ሆኖ ስም ያለው ፎቶ ነገ በተሻለ መሣሪያ ሊነሳ ይችላል፤ ጥርት ብሎ ስም የሌለውን ግን ምንም መሣሪያ አያድነውም።

የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል በ2015 ዓ.ም. ሲመሠረት ሶዶ የአስተዳደር ማዕከል ሆናለች፤ የራሷ ዩኒቨርሲቲም አላት። በየዓመቱ መስከረም፣ ለጊፋታ፣ ከየአገሩ የተበተነ ልጅ ወደ ቤቱ ይመለሳል። አንድ አዳራሽ፣ አንድ ፕሮጀክተርና ጥቂት ድምፅ የሚቀዱ ተማሪዎች ቢዘጋጁ ሰው ቆርቆሮውን ይዞ ይመጣል። ትልቅ በጀት የሚጠይቅ ነገር አይደለም።

እስከዚያ ግን ዞኑንም ዩኒቨርሲቲውንም መጠበቅ አያስፈልግም። አልበም ያላችሁ አልበሙን፣ ስላይድ ያላችሁ ስላይዱን አውጡ። ስልካችሁን ድምፅ መቅጃ ላይ አድርጋችሁ እናታችሁ ጎን ተቀመጡ። ስሙን በፋይሉ ስም ላይ ጻፉት፤ ፎቶው ቢለያይ እንኳ አብሮት ይሂድ። በቴሌግራም ስትልኩም እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ላኩት፤ እንደ ፎቶ የተላከው ተጨምቆ ጥራቱ ይቀንሳል። ዋናውን ስላይድ ደግሞ አትጣሉት፤ ደረቅና ጨለማ ቦታ መልሱት።

ወንድምየው ባለፈው ሳምንት እንደገና ደውሎ ነበር። ስለ ማሽኑ አላነሳም። ስማቸው ያልተገኘው የ12ቱ ስላይዶች ፋይል እንዲላክለት ጠየቀ፤ እሱ ባለበት ከተማ ከወላይታ የመጡ አንዲት አሮጊት አሉ፣ ምናልባት ያውቋቸው ይሆናል።