«ሊሆን ይችላል»

መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ወደ ናይሮቢ የተነሣው ቦይንግ 737 ማክስ በ6 ደቂቃ ውስጥ ቢሾፍቱ አቅራቢያ ወድቆ 157 ሰዎች አለቁ። የሟቾች አካል ገና ሳይሰበሰብ ፍርዱ ቀደመ። ሻይ ቤቱ «ቦምብ ነው» ሲል፣ የባሕር ማዶ ጋዜጦች የረዳት አብራሪውን የበረራ ሰዓት ይቆጥሩ ጀመር፤ 200 ተባለ፣ ኋላ 361 ሆኖ ተገኘ።

ኑሮዬ ትርጉም ነውና እኔን ያሳሰበኝ ቃሉ ነው። ጋዜጣው «የአብራሪ ስሕተት ሊሆን ይችላል» ይላል፤ ወደ አማርኛ ሲሻገር «ሊሆን ይችላል» መንገድ ላይ ይቀርና «ስሕተት ነው» ብቻ ይደርሳል። ልቅሶ ለተቀመጠ ቤተሰብ ግን የሁለቱ ልዩነት የሰማይና የምድር ያህል ነው፤ ሟች እንደሆነ መልስ አይሰጥም።

መጋቢት 26 የወጣው የመጀመሪያ ሪፖርት አብራሪዎቹ አምራቹ ያዘዘውን ሥርዓት መከተላቸውን ገለጸ። ኤምካስ የተባለው መሣሪያ ከአንድ ጠቋሚ የተሳሳተ መረጃ እየተቀበለ የአውሮፕላኑን አፍንጫ ደጋግሞ ወደ ታች ይጫን ነበር። 5 ወር ሳይሞላ በፊት በኢንዶኔዢያ 189 ሰዎችን ይዞ የሰጠመውም የዚያው ዐይነት አውሮፕላን ነበር።

በ2015 ዓ.ም. የመጨረሻው ሪፖርት ሲወጣ የአሜሪካ መርማሪዎች «የአብራሪዎቹ ድርሻ በቂ ትኩረት አላገኘም» ብለው ተከራከሩ። ይከራከሩ፤ እነርሱም ቢሆኑ የኤምካስን ጥፋት አልካዱም።