ስለ ፈረሰኛው ራስ ቁር

በመኝታ ክፍሌ መደርደሪያ ላይ የተቀመጠውን የራስ ቁር ያዩ ጓደኞቼ «ከመቼ ወዲህ ነው የናፖሌዎን አሽከር የሆንኸው?» እያሉ ይሣለቁብኛል። ለያንዳንዱ በቃል ከመመለስ በዚህ መጽሔት ባሰፍረው ይሻላል ብዬ ብዕር አነሣሁ።

ቁሩ ኪራሲዬ የሚባለው ጥሩር ለባሽ የፈረንሳይ ፈረሰኛ በዋተርሉ ጦርነት በ1815 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) የደፋው ዐይነት ነው፤ ነገር ግን አምሳያው እንጂ ራሱ አይደለም። የብረት ቆብ፥ በዙሪያው ጥቁር ጠጉራም ቆዳ፥ በዐናቱ ላይ እንደ አውራ ዶሮ ጉትዬ የቆመ ናስ፥ ከዚያም ወደ ኋላ የሚወርድ የፈረስ ጠጉር አለው። ይህ ጠጉር ለጌጥ ብቻ የተሰቀለ ይመስላል፤ ዳሩ ግን ማጅራት ላይ የሚያርፈውን የጐራዴ ስለት ያደክማል። የአባቶቻችን ጎፈር የጀግንነት ምስክር ነበረ፤ የፈረንሳዩ ጋማ ግን ከማስፈራራቱም ሌላ ሥራ ነበረው።

ልጆች በማስጠናት ጥቂት ገንዘብ ሳጠራቅም ፓሪስ ያለው ታላቅ ወንድሜ ሦስት ዐይነት አይቶ ጻፈልኝ። አንደኛው ከስስ ቆርቆሮ የተሠራ፥ ጠጉሩም ናይለን ነው፤ ለግድግዳ ይሆናል። ሁለተኛው ብረቱ መልካም ሆኖ ሳለ፥ ያረጀ እንዲመስል በአሲድ አስበልተው በመዶሻ አጐድጕደውታል፤ ዋጋውም ከሁሉ ይበልጣል። ሦስተኛው ቅርጹ የታመነ፥ አዲስነቱ የማይካድ፥ በውስጡም የዛሬው ሠሪ ምልክት የተመታበት ነው። «ሦስተኛውን ላክልኝ» አልሁት።

ሁለተኛው ያምራል የሚሉኝ አሉ። እኔ ግን እንዲህ እላለሁ፦ የዛሬ ገዢ አምሳያ መሆኑን ያውቃል፤ የልጅ ልጁ ግን የዋተርሉ ቅርስ ነው ብሎ ይሸጠዋል። የታሪክ ተማሪ ሐሰተኛ ደብዳቤ ቢያገኝ ይቈጣል፤ ሐሰተኛ ዝገት ሲያይ ስለ ምን ያደንቃል?

መግዛት የሚያስብ ቢኖር አስቀድሞ ከቅንድቡ ከፍ አድርጎ ራሱን በክር ይለካ፤ ለገበሩም ትርፍ ይጨምር። ደፍቶት ራሱን ሲነቀንቅ ጉትዬው ወዲያና ወዲህ የሚጐትተው ከሆነ፥ ሰፍቶታል ማለት ነው፤ በፈረስ ላይ ቢሆንማ ዐይኑን ይከድነው ነበር።

አያያዙ ከምርጫው ይልቅ ትዕግሥት ይጠይቃል። የእጅ ላብ ጨው አለውና ብረቱን የነካ ሁሉ ጣቱን ትቶበት ይሄዳል፤ ከጥቂት ቀን በኋላ የጣቱ አሻራ በዝገት ተጽፎ ይገኛል። ስለዚህ በደረቅ የጥጥ ጨርቅ እወለውለውና የስፌት መኪና ዘይት በስሱ አስነካዋለሁ። በክረምት ደግሞ በፕላስቲክ መጠቅለል ርጥበቱን አፍኖ ማስቀመጥ ነው። ናሱን እናቶቻችን መቅረዝ እንደሚወለውሉት በሎሚና በአመድ ልፈግፍግልህ ያለኝ ጓደኛ አለ፤ እግዜር ይስጠው፤ ነገር ግን አመዱ ይቧጭራል፥ የሎሚውም ውሃ ወደ ብረቱ ወርዶ ያዝገዋል። ጠጉሩን ከጫፉ ጀምሮ ወደ ላይ በቀስታ ማበጠር ይገባል፤ ብል እንዳይገባበትም ቶሎ ቶሎ ማራገፍ ነው።

ደፍቶ መሞከር የሚወድ ሁሉ ወደ ክፍሌ ይምጣ፤ አልከለክልም። እጁን ታጥቦ ያድርቅ፤ ጉትዬውን ይዞ ግን አያንሣ፥ መጋጠሚያው ይላላልና፤ ከሥር በሁለት እጁ ይቀበለው።