ሹፌሮቹ ተነግሯቸዋል

«ቦውፊንገር»ን መጀመሪያ ያየሁት ቡራዩ፣ አንድ ቪዲዮ ቤት ውስጥ፣ አግዳሚ ላይ ተጣብበን ተቀምጠን ነው። እንግሊዝኛው ለማናችንም አይገባም፤ ያስገባን ኤዲ መርፊ ነው። የተረዳነው ታሪክ ይሄ ነበር፦ አንድ ሀብታም አክተር አለ፣ የማያውቃቸው ሰዎች እየመጡ ይለፈልፉበታል፣ ቀስ በቀስ ያብዳል። በቃ። መነጽር ያደረገውን ኤዲ መርፊም ያው ሰውዬ አብዶ ነው ብለን አለፍነው።

ባለፈው ክረምት ሰበታ፣ ላፕቶፕ ላይ፣ ከነሰብታይትሉ ደገምኩት። ለካ ፊልሙ ስለ ፊልም ሠሪዎች ነው! ፍራንክ ኦዝ በ1999 እ.ኤ.አ. ያዘጋጀው፣ ስቲቭ ማርቲን ጽፎ የተወነበት፣ በሆሊውድ የሚያላግጥ ኮሜዲ። ቦውፊንገር ማንኛውም ፊልም በጥሬው የሚፈጀው 2,184 ዶላር ነው ብሎ የሚያምን የከሰረ ፕሮዲውሰር ነው። ታዋቂው ኪት ራምሲ ፊት ሲነሳው ተደብቆ ይቀርጸዋል። ኪት እየተቀረጸ መሆኑን አያውቅም። እኛም አላወቅንም። ቪዲዮ ቤት ሙሉ ሰው ከኪት ጋር አብሮ ተሸውዷል።

ባለመነጽሩ ደግሞ ጂፍ ነው፤ ኪትን ስለሚመስል የተቀጠረ፣ መላላክ የማይሰለቸው የዋህ። ቦውፊንገር መኪና የሚበርበት አውራ ጎዳና ዳር ያቆመውና ተሻገር ይለዋል። ሹፌሮቹ በሙሉ ለፊልም የሠለጠኑ ናቸው ብሎ ይዋሸዋል። ቡራዩ እያለን እዚህ ጋ በሳቅ ፈርሰናል። ሰበታ ላይ አቆምኩት።

ምክንያቱም ያንን ውሸት እኔም ዋሽቻለሁ። ሱሉልታ፣ ወደ ጎጃም በሚወስደው አስፋልት ላይ፣ ረዳት ዳይሬክተር ሆኜ። መንገድ የምናስዘጋበት ገንዘብ ቀርቶ የምሳው ሽሮ እንኳን በዱቤ ነበር። በራሱ ትራንስፖርት የሚመጣ፣ ሳንቲም ያልተከፈለው አንድ ልጅ አለ። ሲሚንቶ የጫኑ ሲኖትራኮች ከደርባ በኩል እየተንደረደሩ ይመጣሉ።

«ሹፌሮቹ ተነግሯቸዋል አይደል?» አለኝ።

«ተነግሯቸዋል። አንተ ብቻ ዞር ብለህ እንዳታይ።»

ሮጠ። የአንዱ ክላክስ እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ። እሱ ማዶ ሆኖ ይስቃል፣ እኔ እግሬ ከድቶኝ ቁጭ ብያለሁ። ዳይሬክተሩ «ያምራል፣ አንዴ እንድገመው» አለ። ደገምነው።

ስቲቭ ማርቲን ቦውፊንገርን አይጠላውም። መጨረሻ ላይ ፊልሙ ሲታይ ፊቱ ላይ ያለው ደስታ የሕፃን ነው፤ እኔም ልጠላው ሞክሬ አልሆነልኝም።

የኛ ፊልም ሲመረቅ ልጁ ሱፉን ለብሶ አጠገቤ ተቀመጠ። የሚሮጥበት ትዕይንት ኤዲቲንግ ላይ ወጥቷል። አልነገርኩትም። አዳራሹ መብራት በርቶ ሰው መውጣት ሲጀምር እሱ ገና ስክሪኑን ያይ ነበር።