የወረቀት ውፍረት ያህል

መቼም ጋዜጠኝነት ተምሮ ለወጣ ሰው ዘመድ አዝማድ የሚያቀርበው ጥያቄ አንድ ነው፤ ‹‹በቴሌቪዥን መቼ ነው የምናይሽ?›› እኛ ለጊዜው መልስ አግኝተንለታል። ስክሪን ፊት እንውላለን፤ ስክሪኗ ግን የምታሳየው ሦስት ፊደልና የቁጥር መዓት ነው። ኤክስ፣ ዋይ፣ ዜድ።

እኛ ስንል ሁለት እህትማማቾች ነን። አንዷ (ይህን የምትጽፈው) ጋዜጠኝነት፣ ሌላዋ አካውንቲንግ የተማርን። አባባ ቃሊቲ አካባቢ ትንሽ የቶርኖ ቤት አለው፤ ሁለት ቶርኖ፣ አንድ ትራፓኖ፣ አንድ የብየዳ ማሽን፣ እና በብድር የገዛው ያገለገለ ሲኤንሲ ሚሊንግ ማሽን። ሲኤንሲ ለማታውቁ፤ ሰው እጀታ እያዞረ የሚሠራውን ብረት የመፈልፈል ሥራ ኮምፒውተር እየመራ የሚሠራ ማሽን ነው። የመጀመሪያው እንዲህ ያለ ማሽን አሜሪካ ውስጥ በኤምአይቲ በ1952 (በፈረንጅ አቆጣጠር) ለሕዝብ ታየ። ትእዛዙን የሚያነበው ከተበሳ የወረቀት ጥቅል ላይ ነበር። ወረቀት ከዚህ ሙያ የጠፋበት ጊዜ እንደሌለ ወደ ኋላ ታያላችሁ።

አባባ ሙያውን የተማረው በደርግ ጊዜ ነው፤ በእጁ፣ በጆሮውና በአፍንጫው። ብረት ሲቆረጥ ድምፁን ሰምቶ ‹‹መቁረጫው ደንዟል›› ይላችኋል፤ ሂዳችሁ ስታዩት ደንዟል። ዓይኑን ግን ስኳር ቀደመው። አሁን ስክሪኑ ላይ 3 እና 8 አይለይም። ይህን ለወራት ደብቆን ነበር፤ ኦፕሬተሩን ‹‹እስቲ ጮክ ብለህ አንብብልኝ›› እያለ በጌትነት ወግ ያሳለፈው ነበር። ኦፕሬተሩ ባለፈው ዓመት ሲለቅ ገመናው ወጣ። ወዲያው አንድ ደላላ ‹‹ማሽኗን የሚገዛ ሰው አለኝ›› ብሎ ከተፍ አለ (ደላሎች እንዲህ ያለውን ወሬ ከየት እንደሚሰሙ የጋዜጠኝነት ትምህርት ቤቶች ቢያጠኑት ጥሩ ነው)። አባባ እሺም እምቢም አላለም። ‹‹እስቲ መጀመሪያ አስተምረን›› ያልነው እኛ ነን።

ትምህርቱ የጀመረው ከዜሮ ነው። ቃል በቃል።

ማሽኑ ሲነሳ መጀመሪያ ‹‹ቤቱ›› ይሄዳል፤ ሦስቱም አቅጣጫዎች ዳር ድረስ ሄደው ‹‹ዜሮዬ እዚህ ነው›› ይላሉ። ይህ የማሽኑ የራሱ ዜሮ ነው፤ አይለወጥም። ችግሩ፣ ብረቱ ያለው እዚያ አይደለም። ብረቱ ያለው ጠረጴዛው ላይ፣ ሞርሳው ውስጥ፣ እኛ ባሰርንበት ቦታ ነው። ማሽኑ ይህን በምን ያውቃል? አያውቅም። አዲስ አበባ ውስጥ እንግዳ ስትጠሩ የቤት ቁጥር ትነግራላችሁ? ‹‹ከፋርማሲው ጀርባ፣ ሰማያዊው በር›› ነው የምትሉት። ለማሽኑም እንደዚያው ነው። ‹‹ከአንተ ዜሮ ተነስተህ ይህን ያህል ወደ ግራ፣ ይህን ያህል ወደፊት ስትመጣ የእኛን ፋርማሲ ታገኛለህ፤ ከዚያ በኋላ የምንነግርህ ሁሉ ከፋርማሲው ነው›› እንለዋለን። ይህን አድራሻ የምንጽፍበት መዝገብ ጂ 54 ይባላል። እስከ ጂ 59 ድረስ ስድስት አሉ፤ ስድስት ሥራ በአንድ ጠረጴዛ ላይ ብታስሩ ስድስት ፋርማሲ ማለት ነው።

ጎንና ጎኑን መያዝ ቀላል ነው። ኤጅ ፋይንደር የምትባል ጫፏ 10 ሚሊሜትር ውፍረት ያላት ዘንግ አለች፤ እያሽከረከሩ ወደ ብረቱ ጠርዝ ሲያስጠጓት መጀመሪያ ትወዛወዛለች፣ ከዚያ ትረጋለች፣ ከዚያ ድንገት ወደ ጎን ሸርተት ትላለች። ሸርተት ስትል መሃሏ ከጠርዙ ልክ 5 ሚሊሜትር ላይ ነው። ያችን 5 በትክክለኛው አቅጣጫ መደመር ወይም መቀነስ ነው። የአካውንቲንጓ እህት እዚህ ላይ ፊቷ ሲያበራ ማየት ነበረባችሁ።

ዋናው ጣጣ ወደ ላይና ወደ ታች ያለው ነው፤ ዜድ። ምክንያቱም መቁረጫዎቹ እኩል አይደሉም። ላዩን የሚልገው አጭር ነው፤ ፑንታው ረጅም ነው። ማሽኑ ግን የሚያውቀው የራሱን አፍንጫ ብቻ ነው፤ ከአፍንጫው ሥር ምን ያህል ነገር እንደተንጠለጠለ ካልነገሩት አያውቅም። ስለዚህ የእያንዳንዱ መቁረጫ ቁመት ተለክቶ በየቁጥሩ ይመዘገባል። ፕሮግራሙ ጂ 43 ሲል ‹‹አሁን ቁመቱን አስብበት›› ማለቱ ነው፤ ከሱ ቀጥሎ ያለው ኤች ‹‹የስንተኛውን ቁመት›› የሚለውን ይመልሳል። መቁረጫ 2 ከሆነ ኤች 2፤ መቁረጫ 3 ከሆነ ኤች 3።

ቀላል ይመስላል አይደል? ከእኛ በፊት የነበረው ኦፕሬተር የለቀቀው በዚህች ነገር ነው። ማሽኑ ላይ የተሰካው ፑንታው፣ መቁረጫ 2 ነበር፤ ፕሮግራሙ ላይ የተጻፈው ኤች 3። ፑንታው ከሦስተኛው መቁረጫ 60 ሚሊሜትር ያህል ይረዝማል። ማሽኑ አጭሩን የያዘ መስሎት በሙሉ ፍጥነት ወረደ። ፑንታው ተሰበረ፣ መያዣው ተጣመመ፣ ሞርሳው ላይ ጉድጓድ ወጣ። ስፒንድሉ በእግዜር ቸርነት ተረፈ። እሱ ቢሄድ ኖሮ ከባንኩ ብድር ጋር ተፋጠን ነበር የምንቀረው። አንዲት የቁጥር ስህተት! አርታኢ ያላየው ጋዜጣ ቢበዛ ማረምያ ያወጣል፤ እዚህ ማረምያ የለም።

አባባ ቁመት የሚለካው በወረቀት ነው። ስፒንድሉ ይቆማል፤ መቁረጫውና ብረቱ መሃል ቁራጭ ጋዜጣ ይገባል፤ አንዱ ወረቀቱን ወዲያ ወዲህ እያለ ሌላው መቁረጫውን በእጅ መዘውሩ ቀስ እያደረገ ያወርዳል፤ መጀመሪያ በ0.1፣ ሲቃረብ በ0.01። ወረቀቱ ሲያዝ ይቆማል። የጋዜጣ ወረቀት ማይክሮሜትር ላይ ስናስገባው 0.07 ሚሊሜትር አካባቢ ነው፤ እሱ ይታሰባል። (የኅትመት ጋዜጣ ጥቅሙ አበቃ ለምትሉ፣ እነሆ።)

እኛ የተጣላነው በወረቀቱ አይደለም፤ በቦታው ነው። አባባ እያንዳንዱን መቁረጫ የሚያስነካው የሥራው ብረት ላይ ነው። ጥሩ፣ ግን የመጀመሪያው መቁረጫ ላዩን ልጎ ከጣለው በኋላ፣ ሦስተኛው መሃል ላይ ቢሰበርስ? አዲሱን ምን ላይ እናስነካው? የነበረው ፊት የለም። አዲስ ሥራ በመጣ ቁጥርስ አምስቱንም እንደገና? ስለዚህ ማኑዋሉን ስናገላብጥ አድረን አንድ ነገር አቀረብን። ጠረጴዛው ላይ ልክ 50 ሚሊሜትር የሆነች ብሎክ እናስቀምጥ፤ ሁሉም መቁረጫ እሷን ብቻ ይንካ። አንደኛው -402.315 ላይ ነካ፣ ፑንታው -338.120 ላይ፣ ሦስተኛው -398.240 ላይ። እነዚህ ቁጥሮች የመቁረጫዎቹ ናቸው፤ ሥራው ቢቀያየር አይነኩም። ከዚያ አንደኛውን መቁረጫ ብቻ የሥራው ብረት ላይ እናስነካለን፤ -329.915 አለን። ልዩነቱ 72.400 ነው፤ ብረቱ ከብሎኳ በዚያ ያህል ከፍ ይላል ማለት ነው። ይህችን በጂ 54 ዜድ መዝገብ ውስጥ መጻፍ፣ አለቀ። ነገ ሌላ ሥራ ሲመጣ የምትለወጠው እሷ ብቻ ናት።

አባባ ዝም ብሎ ሰማን። ከዚያ ‹‹ብሎኳ ላይ ቆሻሻ ካለ ሁሉም መቁረጫ ይዋሻል›› አለ። ልክ ነው። በጨርቅ መጥረግ አሁን የመጀመሪያው ሥራችን ነው።

ፈተናው ከሰበታ መጣ። የወፍጮ ቤት ባለቤት የተሰነጠቀ የኩሽኔታ ቤት ይዘው መጡ፤ ወፍጮው ከቆመ ሦስተኛ ቀኑ ነው። ‹‹ጋሼ፣ ነገ ካልደረሰልኝ እህል ያስቀመጠው ሰው ሁሉ ደጄ ላይ ነው›› አሉ። ኩሽኔታው 6308 ነው፤ ውስጡ 40፣ ውጪው 90፣ ወርዱ 23 ሚሊሜትር። ለዚያ የሚበቃ ብረት ደግሞ ቤት ውስጥ አንድ ብቻ ነበር፤ ያ ከተበላሸ ሌላ ፍለጋ መርካቶ መውረድ፣ ወፍጮውም አራተኛና አምስተኛ ቀን መዋል ነው።

ዜሮውን ከየት እንያዝ? እኛ ከመሃል አልን፤ ስዕሉም እንደዚያ ያምራል። አባባ አሮጌውን ዕቃ እያገላበጠ በአውራ ጣቱ ዳበሰውና ‹‹ይሄ የሚቀመጠው በምኑ ነው?›› አለን። በመቀመጫው። ዘንጉ ወዲያ ማዶ ካለው ሁለተኛው ኩሽኔታ ጋር እኩል መሆን ያለበት ከመቀመጫው ተለክቶ ነው፤ 60 ሚሊሜትር። ግማሽ ሚሊሜትር ቢሳሳት ዘንጉ ይንጋደዳል፣ ኩሽኔታው ይሞቃል፣ ሰውየውም ተመልሰው ይመጣሉ። ስለዚህ መቀመጫውን በማይንቀሳቀሰው የሞርሳ ከንፈር ላይ አስደገፍነው፤ ዜሮውም ከዚያ ከንፈር ተያዘ። ተንቀሳቃሹ ከንፈር ብረቱ በመጣ ቁጥር ቦታው ይለያያል፤ ያኛው ግን ባለበት ነው።

ቁመት ስንለካ አባባ ‹‹ወረቀቱን ለኔ ስጡኝ›› አለ። አንዷ መዘውሩን ያዝን፣ አንዷ ስክሪኑን። በ0.01 በ0.01 እየወረድን፣ እሱ ዓይኑን ጨፍኖ ወረቀቱን በሁለት ጣቱ ይስባል። ‹‹ቁም።›› ቆምን። ‹‹አንብቢ።›› አነበብን። ‹‹አንድ መልሺ።›› መለስን። ‹‹አዎ፣ አሁን።›› አምስቱንም እንዲሁ። ከዚያ ሳንነግረው ሁለቱን ደግመን ለካን፤ የተለያየው በ0.01 ብቻ ነበር።

ፕሮግራሙን ሁለት ጊዜ አነበብነው፤ አንዴ ለትእዛዙ፣ አንዴ ለነጥቡ። የኛ ማሽን 100 ብላችሁ ነጥብ ከረሳችሁ መቶ ሚሊሜትር አይለውም፤ መቶ ማይክሮን ነው የሚለው፣ 0.1 ሚሊሜትር። የአራት ነጥብንና የነጠላ ሰረዝን ነገር አራት ዓመት ሲወቅሩን የነበሩ መምህራኖቻችን ይህን ቢሰሙ ደስታቸው ወሰን ባልነበረው። ከዚያ ጠቅላላ ዜሮውን 100 ሚሊሜትር ከፍ አድርገን አየር ላይ አስኬድነው፤ መስመር በመስመር፣ ፍጥነቱን ሩብ አድርገን። መቁረጫው ከብረቱ በላይ ሲቆም ማስመሪያ ይዘን ለካን። ስክሪኑ ያለውን ያህል አለ። ዜሮውን መለስን።

መሃል ላይ መብራት ጠፋ። አዎ፣ እንዴት ሳይጠፋ! የሚገርመው ግን የመዘገብናቸው ቁመቶች አይጠፉም፤ ማሽኑ ውስጥ ያለች ባትሪ ትጠብቃቸዋለች። (ባትሪዋ የምትቀየረው ማሽኑ በርቶ እያለ ነው፤ አጥፍቶ የቀየረ ማስታወሻውን አብሮ ሊያጠፋ ይችላል። አባባ ይህን የቤተሰብ ምሥጢር ያህል ነው የነገረን።) መብራቱ ከአንድ ሰዓት በኋላ ሲመጣ መቁረጫውን ከብረቱ ቀስ ብለን አውጥተን፣ ማሽኑን ቤቱ አድርሰን፣ ከቆመበት ትንሽ ወደ ኋላ ተመልሰን ጀመርን።

ቀዳዳውን መጀመሪያ 89.5 አድርሰን አቆምን፣ ለካን፣ ቀሪውን በጥቂት በጥቂቱ። መጨረሻ ላይ 90.02 አለ፤ የሚፈቀደው ከ90 እስከ 90.035 ነው። ጥልቀቱ 23.01። ከመቀመጫው እስከ መሃል 59.99። የአካውንቲንጓ እህት ሦስቱንም ደብተር ላይ ጻፈች፤ ከሥሩ ቀን አስቀምጣ ፈረመች፣ ባንክ የቀረበ ሰነድ ይመስል።

ሰውየው ማታ መጥተው ኩሽኔታውን በእጃቸው ገፍተው አስገቡት። ቀስ እያለ ገባ። ከዚያ በዋጋው ተከራከሩን፤ ጋሼ ልጆችዎ ከእርስዎ ይብሳሉ አሉ። አባባ ሳቀ እንጂ አልቀነሰም።

ከሰኞ ጀምሮ የመቁረጫ መያዣዎቹን ቁጥር በነጭ ቀለም በትልቁ እየጻፍንባቸው ነው፤ አባባ በጣቱ እንዲያነባቸው ደግሞ ከጎናቸው ነጥብ እየወቀርን፣ ለአንደኛው አንድ፣ ለሁለተኛው ሁለት። ደላላው ረቡዕ ደወለ፤ ስልኩን ያነሳነው እኛ ነን። ማሽኗ ሥራ ላይ ናት፣ ዓርብ ደውል አልነው። ዓርብ ለሁለተኛው የኩሽኔታ ቤት ሰውየው ከሰበታ ይመለሳሉ፤ ስለዚህ ከአሁኑ ብሎኳን ጠርገን፣ የደነዘውን ሦስተኛ መቁረጫ ቀይረን ቁመቱን እየያዝን ነው።