መኪናሽ ምን ትጠጣለች?

ስልኬ የጮኸው ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ነበር። የደወለችው ቦዲቲ ከእናቴ ጋር የምትኖረው የአክስቴ ልጅ ናት። «እትዬ ደረቴን እያሉ ነው፤ ትንፋሽም አጥሯቸዋል» አለችኝ። ባለቤቴ ጃኬቱን እያጠለቀ ቁልፉን አነሳ። አሮጌዋ ቪትዛችን ግቢ ውስጥ ቆማለች፤ የነዳጅ መለኪያዋ ግን ከቀዩ መስመር በታች ወርዷል። በዚያ ሰሞን ሶዶ ውስጥ ቤንዚን ለመቅዳት ግማሽ ቀን መሰለፍ ያስፈልግ ነበር። ወረፋው አስመርሮኝ «ነገ በጠዋት እሄዳለሁ» ብዬ ያሳደርኩት እኔ ነኝ።

አንድ ጎረቤታችን ባጃጅ ይነዳል። በሩን አንኳኩተን ቀሰቀስነውና በሃይላንድ ፕላስቲክ የተቀዳ ሁለት ሊትር ቤንዚን ሰጠን። ዋጋውን ለመከራከር ጊዜ አልነበረንም። በሌላ ጊዜ ግማሽ ሰዓት በማይሞላ መንገድ እናቴ ጋ ለመድረስ ከአንድ ሰዓት በላይ ፈጀብን። ግፊቷ ከልክ በላይ ከፍ ብሎ ነበር። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ተርፋልናለች። እኔ ግን ያቺን ሌሊት ልረሳት አልቻልኩም። እናቴን ላጣት የነበረው በሁለት ሊትር ቤንዚን ምክንያት ነው።

ይህ የሆነው በ2016 ዓ.ም. ነው። በዚያው ዓመት ጥር ወር የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር በኤሌክትሪክ ከሚሠሩት በስተቀር አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንደማይገቡ አስታውቆ ነበር። ዜናውን ስሰማ «የአዲስ አበባ ሰዎች ጉዳይ ነው» ብዬ አልፌው ነበር። ከዚያች ሌሊት በኋላ ግን ባለቤቴ ጉዳዩን ማታ ማታ እራት ላይ ማንሳት ጀመረ።

ቅናሽን የማውቀው እኔ ነኝ

ሥራዬ ማርኬቲንግ ነው። «ይህ ዕድል እንዳያመልጥዎ» የሚሉ ማስታወቂያዎችን ስጽፍ ዓመታት አልፈዋል። ስለዚህ ባለቤቴ «መንግሥት ግብሩን አንስቷል፤ አሁን ካልገዛን መቼ?» ሲለኝ ነገሩ የራሴን ማስታወቂያ መልሶ የሚያነብልኝ መሰለኝ። ወረቀትና ካልኩሌተር አምጥቼ ተቀመጥን።

እ.ኤ.አ. በ2022 የገንዘብ ሚኒስቴር የኤሌክትሪክ ተሽከርካሪዎችን ከተጨማሪ እሴት ታክስ፣ ከኤክሳይዝ ታክስና ከሱር ታክስ ነፃ አድርጎ ነበር። የቀረው የጉምሩክ ቀረጥ ነበር። እሱም ያኔ በሦስት ደረጃ ይከፈል ነበር፦ ሙሉ በሙሉ ተበትኖ መጥቶ እዚህ ለሚገጣጠም ምንም፣ በከፊል ተገጣጥሞ ለሚመጣ 5 በመቶ፣ ተገጣጥሞ ለሚገባ ደግሞ 15 በመቶ።

ሒሳቡን ቀለል አድርጌ ላሳይዎት። ተገጣጥማ የምትገባ አንዲት መኪና ቀረጥ የሚታሰብበት ዋጋዋ 1 ሚሊዮን ብር ነው እንበል። 15 በመቶ ቀረጥ ሲጨመር 1 ሚሊዮን 150 ሺህ ይሆናል። ነፃ ባትደረግ ኖሮ በዚህ ላይ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ ይመጣል፤ 172,500 ብር ማለት ነው። ከዚያ በድምሩ ላይ 10 በመቶ ሱር ታክስ ይታሰባል፤ እሱም 132,250 ብር ይሆናል። ኤክሳይዝን ሳንነካ ከ300 ሺህ ብር በላይ ቀረልን ማለት ነው። ኤክሳይዝማ የባሰ ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ አሮጌ የቤንዚን መኪኖች ላይ እስከ 500 በመቶ የሚደርስ ታክስ እንደጣለ ብዙዎቻችን እናስታውሳለን።

ባለቤቴ «አየሽ፣ 300 ሺህ ብር ልናተርፍ ነው!» አለ። እኔም በሥራዬ የማውቀውን ነገርኩት። ቅናሽ የሚያተርፈው የሚገዛውን ሰው ብቻ ነው፤ ለመግዛት ደግሞ መጀመሪያ ገንዘቡ ሊኖር ይገባል። አዲስ አበባ ሄደን ያየናት ትንሿ ቢዋይዲ እንኳ ግብሩ ተነስቶላት ከሁለት ሚሊዮን ተኩል ብር በላይ ተጠርታለች። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ገበያው ከተለቀቀ ወዲህ ብር ስለወረደ፣ መንግሥት በአንድ እጅ የሰጠንን ዶላሩ በሌላ በኩል ወስዶብናል። ደግሞስ ደመወዙ ባጃጅ ለመሳፈር የማይበቃው የሥራ ባልደረባዬ ከዚህ ማበረታቻ ምን ያገኛል? ይህን ጥያቄ ዛሬም አልመለስኩትም።

የሁለት ሳምንት ማስታወሻ

ክርክሩ ቤታችን ውስጥ ጠብ ሊሆን ሲቃረብ አንድ ስምምነት ላይ ደረስን። ለሁለት ሳምንት ሁለት ነገር ብቻ እንጻፍ፤ በቀን ስንት ኪሎ ሜትር እንደምንነዳና መብራት መቼ ጠፍቶ መቼ እንደመጣ።

ውጤቱ ሁለታችንንም አስገረመን። ልጃችንን ትምህርት ቤት ማድረስ፣ ሥራ መሄድ፣ ገበያ ማለፍና መመለስ ተደምሮ በቀን 14 ኪሎ ሜትር ነው። እሁድ ለቦዲቲ ደርሶ መልስ ወደ 45 ይደርሳል። ያየናት መኪና ባትሪዋ 30 ኪሎዋት ሰዓት ይይዛል፤ አምራቹ በአንድ ቻርጅ 305 ኪሎ ሜትር ትሄዳለች ይላል። የዳሞታን ዳገት፣ ጭነቱንና መንገዱን አስበን 200 ብቻ ብንላት እንኳ ሳምንቱን ትዘልቃለች።

የወጪው ልዩነት ደግሞ ለክርክር አይመችም። በጥር 2017 ዓ.ም. የአንድ ሊትር ቤንዚን ዋጋ ከ100 ብር አልፏል። ኤሌክትሪክን ለሒሳብ ያህል በኪሎዋት ሰዓት 6 ብር ብንይዘው፣ ባዶውን ባትሪ ለመሙላት 180 ብር ይበቃል። ከሁለት ሊትር ቤንዚን ያነሰ ነው። ያቺን ሌሊት የገዛናትን ሁለት ሊትር አስታወስኩ።

አዲስ አበባስ? በሆሳዕና በኩል 330 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በአንድ ቻርጅ አይደረስም፤ እኔ ስጠይቅ ደግሞ በመንገዱ ላይ የሕዝብ ቻርጅ ማድረጊያ አላገኘሁም። ኢትዮ ቴሌኮም በ2017 ዓ.ም. ፈጣን ጣቢያ የከፈተው አዲስ አበባ ነው። እኛ ግን አዲስ አበባ የምንሄደው በዓመት ሦስት ጊዜ ነው። ለእሱ አውቶቡስ አለ።

የመብራቱ ማስታወሻ ግን ፈገግ አላሰኘኝም። በ14 ቀን ውስጥ አምስት ጊዜ ጠፍቷል፤ አንዱ ሌሊቱን ሙሉ። ወላይታ ላይ ሆኖ ይህን መጻፍ ያሳዝናል። በወላይታና በዳውሮ መካከል በኦሞ ወንዝ ላይ የተገነባውና በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው ግልገል ጊቤ ሦስት 1,870 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው። ለኬንያ ኤሌክትሪክ የሚወስደው ባለ 500 ኪሎ ቮልት መስመር የሚነሳውም ከዚሁ ከወላይታ ሶዶ ነው፤ ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ ሱስዋ ይደርሳል። ትልቁ መስመር በአጠገባችን ያልፋል፤ በሰፈራችን ግን ሻማ መሳቢያ ውስጥ ይቀመጣል። ኃይል ማመንጨትና ኃይሉን እቤት ድረስ ማድረስ ሁለት የተለያዩ ሥራዎች መሆናቸውን የዚያን ጊዜ ነው በደንብ የተረዳሁት። የግብር ቅናሹ ደግሞ መኪናዋን ያመጣልኛል እንጂ መብራቱን አያበራልኝም።

የእማዬ ቅቤ

ውሳኔውን የሰጠችን ሳታውቀው እናቴ ናት። ለጊፋታ ዝግጅት ወንዶቹ ለበሬው፣ ሴቶቹ ደግሞ ለቅቤው ዓመቱን ሙሉ ይቆጥባሉ። እማዬ ቅቤዋን በማሰሮ ታጠራቅማለች። አንድ እሁድ «ግማሽ ሳይደርስ መጨመር ነው እንጂ ማሰሮ ባዶ ሆኖ ለበዓል መሮጥ ምን ይሉታል?» ስትል ባለቤቴና እኔ ተያየን። ቪትዝዋ ያቺን ሌሊት የከዳችን ማሰሮዋን ባዶ ስላሳደርናት ነበር። ቤንዚንን ግማሽ ላይ ለመጨመር ወረፋው አይፈቅድም። መብራትን ግን በመጣ ቁጥር መሰካት ይቻላል።

ቪትዝዋን ሸጥን፤ ከገዛንበት ከእጥፍ በላይ አወጣች። ለቤቱ ማስፋፊያ ያስቀመጥነውን ጨመርንበት፤ የጎደለውን ተበደርን። ልጃችን የራሷ ክፍል እንዲኖራት ቃል ገብተንላት ነበር፤ ያ ለሁለት ዓመት ተላልፏል። ይህን ስነግራት ያኮረፈችውን ኩርፊያ በየትኛውም የወጪ ቀሪ ሒሳብ ውስጥ አላስገባሁትም።

ለመግዛት ለሚያስቡ አንባቢዎች ከእኛ ስህተት የተማርነውን ልንገራችሁ። ከመኪናዋ በፊት የቤታችሁን ሽቦ በባለሙያ አስፈትሹ፤ እኛ ማከፋፈያው ሁለት ጊዜ ከተቃጠለብን በኋላ ነው ያስቀየርነው። በተራ ሶኬት ባዶ ባትሪ ለመሙላት 14 ሰዓት ገደማ ስለሚፈጅ ከምሽት እስከ ጠዋት ተሰክታ እንድታድር አመቻቹ። የባትሪው ዋስትና ስንት ዓመት እንደሆነና ማን እንደሚጠግነው በጽሑፍ ጠይቁ፤ «እኛ አለን» የሚል የቃል መልስ ዋስትና አይደለም። ደግሞም ግብሩ ስለቀረ ብቻ አትግዙ። የመንግሥት ማበረታቻ ሊሰጥም ሊነሳም ይችላል፤ ብድሩ ግን እናንተ ጋ ይቆያል።

የእኛ ቤት ሕግ አንድ ናት፦ መኪናዋ ከግማሽ በታች አታድርም።

ባለፈው ሐምሌ ዝናቡ ሲወርድ መብራት ከጠፋ ሁለተኛ ሌሊቱን ይዞ ነበር። ስልኩ ጮኸ፤ የአክስቴ ልጅ ናት። እጄ እየተንቀጠቀጠ የመኪናዋን መለኪያ አየሁ፤ 61 በመቶ። ከሩብ ሰዓት ጥቂት አልፎ ቦዲቲ ነበርን። እማዬ መድኃኒቷ አልቆባት ሳትነግረን ሁለት ቀን ዘላለች። ሐኪም ቤት አድርሰናት ጎህ ሲቀድ ስንመለስ ከኋላ ወንበር ዝም ብላ ስታዳምጥ ቆየችና «ድምፅ የላትም። ልጄ፣ ይህቺ መኪናሽ ምን ትጠጣለች?» አለችኝ።

«መብራት ነዋ፣ እማዬ።»

«መብራትማ ይጠፋል።»

«ቤንዚንስ?»

ትንሽ አሰበችና ነጠላዋን እያስተካከለች «እንግዲህ ግማሽ ሳይደርስ ጨምሪ» አለች።